ቆመን እንይ ባልን

ወፍ ለማየት ብዙ ነገር አያስፈልግም። ባይኖኩላር ቢኖር ጥሩ ነው፤ ከሌለ ዓይን አለ። መጽሐፍ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ከሌለ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። የግድ የሚያስፈልገው መቆም ነው። ሰው ሲመጣ ወፍ ይሸሻል፣ ሰውየው ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ደግሞ ቀስ እያለ ይመለሳል። መጀመሪያ ድንቢጦቹ፣ ቀጥሎ ዋኔዎቹ፣ ብዙ ከቆየ በኋላ ደግሞ ቁጥቋጦው ሥር ተሸሽጎ የነበረው ዓይን አፋር ብቅ ይላል። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የእኛ የወፍ ወዳጆች እሮሮ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። በአገራችን ቆሞ የሚያይ ሰው በዝምታ አይታለፍም፤ የሚቆምበት ቦታም እያደር እየጠፋ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሜዳ ተመልሰን ሻይ ቤት ስንቀመጥ ጨዋታው የሚጀምረው በወፉ ነው። አንዱ እንጦጦ ላይ ሶረን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል አየሁ ይላል። ሌላዋ ሰፈሯ ያለው ትልቅ ጽድ ከተቆረጠ ወዲህ ጋጋኖዎቹ የት እንደሚያድሩ ትጠይቃለች። ሻዩ ሳይጋመስ ግን ወሬው ይዞራል። «ዛሬስ ስንት ሰው ጠየቀሽ?» ይሉኛል፤ ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን ያወጣል።

ጥያቄዎቹን ሁላችንም በቃላችን እናውቃቸዋለን። «ምን ጠፍቶብህ ነው?» ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ብዙውን ጊዜ አብሮ ሊፈልግልህ ነው የሚቀርበው። «ይበላል?» የሚለው ከልጅ እስከ አዋቂ አይቀርም። «ስንት ይከፍሏችኋል?» የሚለው ደግሞ ያደክማል፤ ማንም እንደማይከፍለን ስንናገር የሚያምነን የለም፣ መዋሸታችን የተረጋገጠ ይመስል ጥርጣሬው ይብሳል። ሴት ስትሆኚ ሌላ ይጨመርበታል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ብቻዋን ዛፍ ሥር የቆመች ሴት «ማንን እየጠበቅሽ ነው?» ትባላለች። ወፍ እየጠበቅኩ ነው ብትል የሚቀበላት የለም። ከእኛ መካከል ያለን ሴቶች በዚህ ምክንያት ብቻችንን መውጣት ትተናል፤ ሁለት ሦስት ሆነን ካልተጠራራን ያ ጠዋት ይቀራል። በዚህ የቀሩትን ጠዋቶች ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከከተማ ስንወጣ ጥያቄው ይለወጣል። በተለይ ቴሌስኮፑን በሦስት እግሩ ያቆምን ቀን፣ ከማሳው ማዶ ሰው በፍጥነት ሲመጣ ገና ከሩቁ ምን እንደሚል እናውቃለን። «መሬት ልትለኩ ነው?» እዚህ ላይ ተቆጥቼ አላውቅም። ገበሬው ተሳስቷል ማለትም አልችልም። በሦስት እግር ላይ መነጽር ያቆመ ሰው ወደ ማሳው ሲያነጣጥር ያየው ዛሬ የመጀመሪያው አይደለም። ከዚያ ሰውዬ በኋላ ችካል ተተክሏል፣ ከችካሉ በኋላ ግሬደር መጥቷል፣ ካሳው ደግሞ ለዓመታት አወዛግቧል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ሜዳዎች ታሪክ ይኸው ነው። ስለዚህ ቴሌስኮፑን ዝቅ አድርገን፣ አባባ ብለን፣ ሰላምታውን አድርሰን፣ ከየት እንደመጣን፣ የማን ልጆች እንደሆንን፣ ምን እንደምናይ እናስረዳለን።

አንድ ጊዜ በአንድ የደጋ ሜዳ ላይ እንዲህ ያስረዳናቸው ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ሰምተውን ሲያበቁ፣ «ወፍማ እኛም ደጅ አለ፤ እሱን ለማየት ነው ይህን ሁሉ ነዳጅ ያቃጠላችሁ?» አሉን። በቴሌስኮፑ እንዲያዩ ጋበዝናቸው። ረግረጉ ላይ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ጥንድ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር መኖሪያ የሌለው ነው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ሰዓት አዩ። «ይኼማ አንገቱን ጀርባው ላይ አስተኝቶ የሚሄደው ነው» አሉ። ልክ ናቸው፤ ይህ ዝይ ሲራመድ ራሱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ ያሳርፋል፣ በመጽሐፉም የተጻፈው እንደዚያው ነው። ከዚያ በኋላ በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ጎጆውን የት የት እንደሚሠራ ነገሩን። እንዲህ ያለ ቀን ሁሉንም ያስረሳል። የሚያሳዝነው ግን ማስረዳቱ ሁልጊዜ ከዚሁ ደግ ቦታ አይደርስም፤ ሲደርስም ፀሐይ ወጥታ፣ ከብቱ ተሰማርቶ፣ ወፉ በኖ ሄዷል።

ከገበሬው ይልቅ የሚከብደን ደብዳቤ የሚጠይቀን ነው። ከአንድ የውሃ ግድብ ዳር፣ ከአንድ ሐይቅ መዳረሻ፣ አንዳንዴም ከሕዝብ መናፈሻ በር ላይ ጥበቃው ይነሳና «ደብዳቤ አላችሁ?» ይላል። ከየት የተጻፈ፣ ለማን የተጻፈ፣ ምን የሚል ደብዳቤ እንደሆነ እሱም አያውቀውም። ይዘን የሄድን ቀን ማህተሙ አይታይም ይባላል። ባይኖኩላሩ ራሱ ከውጭ አገር ሲገባ ጥያቄ ይነሳበታል፤ ወዳጅ ዘመድ በሻንጣ ይዞላቸው መጥቶ አየር ማረፊያ ላይ የቀረባቸው ጓደኞች አሉን። ይህን ሁሉ እየታገልን ሳለ የቱሪስት መኪና ይመጣል። አስጎብኚው መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፣ በሩ ይከፈታል፣ እንግዶቹ እኛ ከተከለከልንበት ድንጋይ ላይ ቆመው መነጽራቸውን ያወጣሉ። እንግዶቹን አልጠላም። ከሩቅ አገር ድረስ መምጣታቸው ያስደስተኛል፤ ብዙዎቹም አብረናቸው እንድናይ ይጋብዙናል። የሚቆረቁረኝ እዚህ የተወለደ ሰው የአገሩን ወፍ ቆሞ ማየቱ ምክንያት የሚጠየቅበት ነገር መሆኑ ነው። በዚህች አገር ከ800 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማህበራችን እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቋቋም የብዙዎቻችን ወላጆች ገና ልጆች ነበሩ። እኛ እንግዳ የሆንነው እንዴት ነው?

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። የባይኖኩላር ዋጋ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው መጽሐፍ፣ የነዳጁ ነገር የታወቀ ነው።

መንገዱ ግን ያሳስበናል። ድሮ ከመውጣታችን በፊት የምንጠያየቀው «ዝናብ ይኖራል?» ብለን ነበር፤ ዛሬ «መንገዱ ሰላም ነው?» እንላለን። ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ ገደል ላይ የሚያንዣብቡትን ጥንብ አንሳዎች ማየት፣ አንኮበር አፋፍ ላይ ቆሞ በስሟ የተጠራችውን ትንሽ ወፍ መጠበቅ፣ ያቤሎ ወርዶ ከዚያ አካባቢ ውጭ የትም የማይገኘውን የቁራ ዘመድ መፈለግ ለብዙዎቻችን ቀጠሮ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ያ የያቤሎ ወፍ የሚኖረው በዙሪያው ካለው ቆላ ቀዝቀዝ ባለች ጠባብ መሬት ውስጥ ብቻ መሆኑን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ዓለም እየሞቀ ሲሄድ ያቺ መሬት ትጠባለች፣ ወፉም የሚሸሽበት የለውም። ነገሌ አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳም እንዲሁ ነው። በዚያ የምትኖር ትንሽ የሣር ወፍ፣ ሣሩ በቁጥቋጦ ሲዋጥና ሜዳው ሲታረስ ቁጥሯ እጅግ ተመናምኖ ከዓለም በመጥፋት አፋፍ ላይ ናት። ሰው በየጊዜው ሄዶ ማየት ሲገባው ሁላችንም ርቀን ቁጭ ብለናል። እዚያ መድረስ የሚችለው የአካባቢው ሰው ነውና እሱ ቢጽፍልን፣ እሱ ቢቆጥርልን እያልን ስልክ እንደውላለን።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልዙር፤ ሰዉ ብቻ አይደለም የሚያማርረን። ከመካከላችን ፎቶ ካላነሳሁ አላየሁም የሚል ተበራክቷል። ወፉ ያረፈበት ዛፍ ድረስ ይገሰግሳል፣ ሲነሳ ይከተላል፣ እንደገና ሲያርፍ እንደገና ይገሰግሳል። ሌሎቻችን ለግማሽ ሰዓት ትንፋሻችንን ይዘን የጠበቅነው በአንድ ሰው ኮቴ ይበተናል። ቀን ላይ ተኝታ የምታርፍ ጉጉት ዓይኗን እንድትከፍት ጠጠር የሚወረውር አይቻለሁ። ጎጆ እንዲታይ ቅርንጫፍ የሚያጎብጥ አለ፤ ቅጠሉ ከጫጩቶቹ ላይ ሲነሳ ፀሐዩም ጭልፊቱም ያገኛቸዋል።

ከሁሉ የከፋው የስልኩ ጩኸት ነው። የወፉን ድምፅ በስልክ ከፍቶ፣ ድምፅ ማጉያ ገጥሞ፣ ቁጥቋጦ ሥር ያስቀምጠዋል። ወፉ ይመጣል፤ መምጣቱ ግን ተደስቶ አይደለም። ተባዕቱ ግዛቱን ሌላ ወፍ የወረረበት መስሎት፣ ምግብ መፈለጉን ትቶ፣ ጎጆውን ትቶ ሊጣላ ነው የሚመጣው። የሚጣላው አያገኝም፤ ይዞራል፣ ይጮኻል፣ ይደክማል። ሰውዬው ፎቶውን አንስቶ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ሌላው ይመጣና ያንኑ ይከፍታል። በከተማ አቅራቢያ ባሉና ሁሉም በሚሄድባቸው ቦታዎች አንድ ጥንድ ወፍ በመራቢያው ወራት ይህን ስንት ጊዜ እንደሚችል አስቡት። ስንነግራቸው ደግሞ «አስጎብኚዎቹም ያደርጉታል» ይላሉ። ያደርጉታል፣ እውነት ነው፤ እንግዳው ከፍሎ መጥቶ ሳያይ ቢመለስ ይከፋዋል ብለው ይጨነቃሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ማንም ያልከፈለን፣ ነገም ከነገ ወዲያም ተመልሰን መምጣት የምንችል እኛስ ምን ያስቸኩለናል?

በስልክ የሚላክልንን ፎቶ በተመለከተ ቁጣዬ ትንሽ ነው። ደብዛዛ፣ ቡናማ፣ ከፊሉ በቅጠል የተሸፈነ ወፍ ይመጣና «ይህ ምንድን ነው?» ይባላል። የት፣ መቼ፣ ምን ሲያደርግ እንደታየ አይነገርም። ግን ሰው ማየት ጀምሯልና ደስ ይለኛል። ደግሞ በየዓመቱ በመስከረም የመስቀል ወፍ ፎቶ ይጎርፍልናል፣ «ከየት አገር ነው የሚመጣው?» ከሚል ጥያቄ ጋር። በዚህ ስም ከምንጠራቸው ወፎች ብዙዎቹ ከየትም አልመጡም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው፤ ወንዱ የመራቢያ ላባውን የሚለብሰው በክረምቱ ዝናብ ሣሩ ሲደርስለት ነው። ከዚያ ያወልቀውና ቡናማ ሆኖ ከሴቶቹ ጋር ይመሳሰላል። በመስከረም ያደነቅነውን ወፍ በጥር አጥራችን ላይ ተቀምጦ ሳናየው እናልፋለን።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። ሰውን ማስረዳት ይቻላል። ጥበቃውን መለመን፣ ፎቶ አንሺውን መምከር ይቻላል። የደረቀን ሐይቅ ግን ማንን ይለምኑለታል?

የአብያታን ሐይቅ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከአጠገቡ ያለው ሻላ ጥልቅ ነው፣ ዓሣ ግን እምብዛም የለውም፤ ነጫጭ ፔሊካኖች በሻላ ደሴት ላይ ይፈለፍሉ ነበር፣ ለጫጩቶቻቸው ዓሣ የሚያመጡት ግን ጥልቀት ከሌለው ከአብያታ ነበር። ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን መሆናቸው ነው ያኖራቸው። ከዚያ የአብያታ ውሃ ለሶዳ አሽ ምርት ተሳበ፣ ወደ እሱ የሚገባውም ከላይ ለመስኖ ተቀዳ። ሐይቁ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹ ዓሣ ፍለጋ ራቅ ወዳሉት ሐይቆች መብረር ግድ ሆነባቸው። ድሮ ውሃው ይደርስበት ከነበረው ዳር ቆሞ ማየት ዛሬ ነጭ አመዳም መሬት ማየት ነው፤ ወፎቹ የሙቀቱ ንዝረት ውስጥ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ወደ እነሱ ልቅረብ ያለም ጭቃው ይውጠዋል።

የሐረማያ ሐይቅም ለሐረር ከተማ ውሃ ሲቀዳ፣ ለጫቱና ለአትክልቱ ሲሳብ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጭራሽ ደርቆ ነበር። ሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውሃ ተኝቶበት ስንቱን ወፍ ያስተናግድ እንደነበር በዕድሜ የሚበልጡን ይነግሩናል፤ እኛ የደረስነው አጥርና ብሎኬት ላይ ነው። በርጋ ገና አለ። አዲስ ዓለም አካባቢ ባለው በዚያ ረግረግ ውስጥ በክረምት አንዲት ድንቢጥ የምታህል የረግረግ ወፍ ትራባለች፤ ፍላፍቴይል ይሏታል፣ ክንፏ ላይ ነጭ አለባት፣ በዓለም ላይ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ ናት። ለረጅም ዘመን መራባቷ የተረጋገጠው በኢትዮጵያ ብቻ ነበር። ሣሩ ጉልበት ድረስ ካላደገ መሸሸጊያ የላትም፤ ሣሩ ደግሞ ለከብቱም ለአጫጁም ያስፈልጋል። የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው ሜዳውን ለመጠበቅ ይደክማሉ። በዚህ ሁሉ ምሬት መሀል በክብር የምናነሳቸው እነሱን ነው፤ ወፏን እንዳንረብሻት እኛም ሩቅ ላይ እንቆማለን፣ ባናያትም እንመለሳለን።

እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው መዝገብ ለወፎች እጅግ አስፈላጊ የተባሉ 69 ቦታዎች በኢትዮጵያ ተለይተዋል። እዚያ ውስጥ የተጻፈውን ይዤ ቦታው ላይ ስደርስ መጽሐፉና መሬቱ አልገናኝ ይሉኛል። በዚህ አገር ያልታየ ወፍ ገና አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ መንገድ ላይ ከተገኘ ሌሊት የሚበር ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ መኖሩ ታውቆ ስም ወጥቶለታል። «ቆማችሁ ማየታችሁ ለማን ይጠቅማል?» ለሚሉን ሰዎች የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። የቆመ ሰው ባይኖር ምን እንዳለን አናውቅም፣ ምን እንዳጣንም አናውቅም።

የዚህ ጥቅም በቁጥር የሚታየው በጥር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በብዙ አገሮች በጃንዋሪ አጋማሽ፣ በእኛ ጥር መጀመሪያ ላይ፣ የውሃ ወፎች ይቆጠራሉ። ከአውሮፓና ከእስያ የመጡት ዳክዬዎችና የጭቃ ወፎች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይ ያሉበት ወቅት ነው፤ የእኛ ሰው ለጥምቀት ሲዘጋጅ እኛ ደብተር እናዘጋጃለን። ቆጠራው ዋጋ የሚኖረው በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ሲቆጠር ነው። የዘንድሮው ቁጥር ከአምናው ጋር የሚነጻጸረው እንደዚያ ነውና። አሁን ግን አምና የቆምንበት የሐይቅ ዳር ዘንድሮ የሎጅ አጥር ይሆናል። ሌላ ቦታ ፈልገን እንቆማለን፤ ከዚያ የሚታየው የሐይቁ ግማሽ ነው። ደብተራችን ላይ ቁጥሩ ወርዶ ይጻፋል። ወፉ ቀንሶ ይሁን እኛ ማየት አቅቶን ይሁን፣ ከዓመታት በኋላ ያን ወረቀት የሚያነብ ሰው በምን ያውቀዋል? ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ከምንነጋገረው ሁሉ ድምፃችን ከፍ የሚለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የሐይቅ ዳር ሎጅ ያላችሁ፣ የእርሻ አጥራችሁ ውሃው ድረስ የደረሰ ሁሉ፣ የምንለምናችሁ ብዙ አይደለም። በጥር መጀመሪያ ለሁለት ጠዋት፣ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ውሃው ዳር አቁሙን። መኪናችንን ውጭ እንተዋለን፣ እንግዶቻችሁን አንረብሽም፣ ጥበቃችሁ ከእኛ ጋር ይቁም፤ በቴሌስኮፑ እሱም ያያል። ቆጥረን ስንጨርስ ውጤቱን ለእናንተም እንሰጣለን። ደብዳቤ ያስፈልጋል ካላችሁ ደግሞ ለማን እንደሚጻፍና ማን እንደሚፈርምበት ከኅዳር በፊት ንገሩን።